ዳኛው ከመናገሩ በፊት

በራያ ቆቦ፣ በጎብዬ ዙሪያ ማሽላው እሸት በሚሆንበት ወቅት፣ ሌሊት ከበረት አምልጣ የሰው ማሳ የገባች ላም ያደረሰችው ጉዳት ጠዋት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አገዳው ተሰብሮ ተጋድሟል፤ ራሱ ተቀንጥሷል፤ ጤዛ ባረጠበው አፈር ላይ ኮቴ ታትሟል። የማይታየው የላሟ ባለቤት ነው። ባለማሳው ሽማግሌ ይጠራል፤ ሽማግሌዎቹ ማሳውን ዞረው የጠፋውን እህል ይገምታሉ፤ ካሳውን ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ግን አየር ላይ ይቀራል። በዚያች ሰዓት እዚያ ከቆሙት ሰዎች መካከል አንዱ መልሱን ያውቃል። ጎህ ሲቀድ ወደ በረቱ ሲሄድ ላሙን ከውጭ አግኝቷታል፤ ጎኗ ተነፍቶ፣ አፏ ዙሪያ የማሽላ ቅጠል ተጣብቆ አይቷል። ማንም አልጠረጠረውም። እንዲያውም ባለማሳው ዓይኑን የጣለው በሌላ ጎረቤት ላይ ነው። ይህ ሰው ሽማግሌዎቹ አንድ ቃል ከመናገራቸው በፊት «የእኔ ናት» ብሎ መነሣት ይገባዋል ወይስ ጠይቀው እስኪደርሱበት ዝም ማለት ይችላል? ይገባዋል ባይ ነኝ። ይህንንም ከደግነት አልቆጥረውም፤ ደግነት ቢሰጡት የሚያስመሰግን፣ ቢነፍጉት የማያስወቅስ ነገር ነው። የእሱ ግን ዕዳ ነው፤ የሚከፈልበት ጊዜም ዳኛው ከመናገሩ በፊት ብቻ ነው።

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ሲከራከሩበት የኖሩት ለእኛ ሩቅ የሆነ ስፖርት ተጫዋቾች ናቸው። ክሪኬት ኢትዮጵያ ውስጥ እምብዛም አይታወቅም፤ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ግን የሚሊዮኖች ፍቅር ነው። በዚህ ጨዋታ መቺው በእንጨት መምቻው የነካት ኳስ መሬት ሳትነካ በተጋጣሚ እጅ ከተቀለበች መቺው ይወጣል፤ በዚያ ዙር ተመልሶ አይመታም። አንዳንዴ ኳሷ መምቻውን የምትነካው በጠርዙ፣ ለጥቂት ነው። ድምፁ በተመልካች ጩኸት ይዋጣል፤ የአቅጣጫዋ ለውጥ ለዓይን አይያዝም። ዳኛው የቆመው ሃያ ሜትር ያህል ርቆ ነው። መቺው ግን በመዳፉ ተሰምቶታል። የጨዋታው 31ኛ ሕግ፣ ተጋጣሚዎቹ አቤት ካላሉ በቀር ዳኛው መቺውን እንዳያስወጣ ይከለክላል፤ እዚያው ላይ ደግሞ በሕጉ መሠረት የወጣ መቺ አቤቱታ ሳይጠብቅ ሜዳውን ለቆ ቢሄድ የሚከለክለው እንደሌለ ይናገራል። ይፈቅድለታል እንጂ አያስገድደውም፤ ክርክሩ ሁሉ የበቀለው ከዚህ ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ አውስትራሊያዊው አዳም ጊልክሪስት ከስሪላንካ ጋር ሲጫወት፣ ዳኛው ሳያስወጣው በራሱ ፈቃድ ሜዳውን ለቆ ሄደ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 2005 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ስቱዋርት ብሮድ ኖቲንግሃም ላይ አውስትራሊያን ሲገጥም፣ ኳሷ መምቻውን ነክታ መቀለቧን ስታዲየሙ ሁሉ አይቶ ዳኛው አሊም ዳር አልወጣህም አለው። ብሮድ ከቦታው አልተነቃነቀም። አውስትራሊያውያን የዳኛውን ውሳኔ በምስል የማስመርመር ዕድላቸውን አስቀድመው ጨርሰው ስለነበር ምንም ማድረግ አልቻሉም። እንግሊዝ ያን ግጥሚያ ያሸነፈችው በ14 ሩጫ ብቻ ነበር፤ የክሪኬት ነጥብ የሚቆጠረው በሩጫ ነው።

በእነዚያው ሳምንታት እኛም በእግር ኳስ በኩል ተመሳሳይ ነገር ገጥሞን ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን እ.ኤ.አ. ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ ያልነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ሕዝቡ በየመንገዱ ሲጨፍር፣ ፊፋ ጉዳዩን መመርመር መጀመሩን በዚያኑ ዕለት አስታወቀ። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ። የቦትስዋናው ውጤት ተሰርዞ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ፤ የስድስት ሺህ የስዊዝ ፍራንክ ቅጣትም ተጣለ። ነጥባችን ከ13 ወደ 10 ወረደ፤ ምድቡን ያሸነፍነው ጳጉሜን ላይ ብራዛቪል ተጉዘን የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ከረታን በኋላ ነው። ፌዴሬሽኑ ማመኑ ትክክል ነበር፤ አልዋሸም፤ ምክንያት እየደረደረ አላጓተተም። ነገር ግን የእሱ ማመንና የጊልክሪስት መሄድ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። ቢጫ ካርዶቹ በፊፋ መዝገብ ላይ ነበሩ፤ ማስረጃው አስቀድሞ በዳኛው እጅ ነበር። ያመነውም ባያምንም የሚታወቅ ነገር ነው። ዳኛው የያዘውን እውነት መቀበል አለ፤ ዳኛው የሌለውን እውነት መስጠትም አለ። እኔ የምከራከረው ለሁለተኛው ነው።

ዳኛ ለምን እንደሚያስፈልግ ረጋ ብሎ ለሚያስብ ነገሩ ብዙም አያደናግርም። ዳኛ የምንሾመው ስለማናውቅ ነው። ሁለት ሰዎች የተፈጸመውን ነገር እኩል ቢያውቁና እኩል ቢናገሩ ከዳኛ የሚጠበቀው ካሳውን መመጠን ብቻ ይሆን ነበር። ምስክሩ፣ መሐላው፣ መስቀለኛው ጥያቄ፣ ኮቴውን ጎንበስ ብሎ መመርመሩ፣ ሁሉም የጠፋን እውቀት ለመተካት የተዘጋጀ ነው። ምትክ ደግሞ ዋናው በሌለበት ነው የሚያገለግለው። የላሟ ባለቤት ዝም ብሎ ሽማግሌዎቹ «አልደረስንበትም» ብለው ሲነሡ «ሽማግሌ ነፃ አወጣኝ» ሊል አይችልም፤ ሽማግሌዎቹ ያሉት የማወቅ አቅማቸው እዚህ ድረስ መሆኑን እንጂ እሱ ንጹሕ መሆኑን አይደለም። ዳኛው ሊያየው ያልቻለውን ያየ ሰው ከዳኛው ጀርባ የሚደበቅ ከሆነ፣ የማያውቅ ዳኛ ለሚያውቅ አጥፊ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ዳኛው ሳያውቀው የሐሰቱ ተባባሪ ይደረጋል። የዳኛን ክብር የሚነካ ነገር ካለ ይህ ነው።

አባቶቻችን የዳኝነትን ነገር ያቆሙት ባለጉዳዩ ራሱ በእግሩ ይመጣል በሚል እምነት ላይ እንደነበር የሚያሳይ ሥርዓት ነበራቸው። አበዳሪና ተበዳሪ ልብሳቸው እርስ በርስ ተቋጥሮ፣ ፖሊስም ዘበኛም ሳይከተላቸው፣ ዳኛ ወዳለበት አብረው ይጓዙ ነበር። ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች ይህን አይተው በመገረም ጽፈዋል። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው፣ ጉልበተኛም ቢሆን፣ ባለበት መቆሙም ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው። ሌላው ሥርዓት ደግሞ ያ እምነት የከዳበትን ቦታ ያሳያል። ሌባው፣ ነፍሰ ገዳዩ ወይም ቤት አቃጣዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ አፈርሳታ ወደሚባለው ጉባኤ ይጠራ ነበር። የቀረ ይቀጣል፤ የመጣ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይጠየቃል። እርሻው ይቆማል፤ ከብቱ ያለ እረኛ ይውላል፤ አጥፊው ካልተገኘ ካሳው ላገሬው ሊከፋፈል ይችላል። አፈርሳታ ላይ ብዙ የሚነቀፍ ነገር አለ፤ ንጹሐንን ያንገላታ ነበር፣ ለቂም መወጫም ይሆን ነበር፣ መቅረቱም አያስቆጭም። ለክርክሬ የምፈልገው ግን በዚያ ጉባኤ መሐል የተቀመጠውን አጥፊ ነው። ዙሪያውን የሚያየው ሰው ሁሉ ሥራውን ፈትቶ፣ ተርቦ፣ ተጠርጥሮ የተቀመጠው እሱ አፉን ስላልከፈተ ነው። የዝምታው ዋጋ እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍሉት ግን የማያውቁት ናቸው። በጎብዬው ማሳም ሒሳቡ ያው ነው። እሱ ዝም ሲል ባለማሳው ካሳውን ያጣል፤ የተጠረጠረው ጎረቤት ደግሞ ላላደረገው ነገር እንዲምል ይጠየቃል። ሰው ባላደረገው ነገር ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደጃፍ ቆሞ ሲምል ማየትና ዝም ማለት፣ ምንም እንዳላደረጉ ሆኖ መቆም አይደለም።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይመዘዝብኛል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውም ይከተላል። ጥንቃቄን ከሚያስተምሩ አባባሎች እነዚህ ሁለቱ የታወቁ ናቸው፤ ያለ ምክንያትም አልተባሉም። የሰውን ነገር የሚያወራ፣ ያልተጠየቀውን ምስክርነት የሚሰጥ፣ ባልገባበት ሙግት የሚንደረደር ሰው አገር ያምሳል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ተረቶች የሚገሥጹት ስለ ሌላው የሚናገረውን ነው። ስለ ራሱ ጥፋት የሚናገር ሰው ማንንም ለአደጋ አያጋልጥም፤ የሚነቅዝም ነገር ካለ የሚነቅዘው በዝምታው ውስጥ የሌላው ሰው ካሳ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የሥራ ክፍፍልን መሠረት ያደረገው ነው። ተጫዋቹ ይጫወታል፣ ዳኛው ይዳኛል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሥራ ይላል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2009 ፈረንሳይ አየርላንድን ጥላ ለዓለም ዋንጫ ያለፈችበት ጎል ሲቆጠር ቴሪ ሆንሪ ኳሷን በእጁ ነክቶ ነበር። ከጨዋታው በኋላ በግልጽ አመነ፤ ነገር ግን ዳኛው እኔ አይደለሁም አለ። ይህን ንግግር ከልቤ አክብጄ አየዋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚኖርበት ፍልስፍና ነው። ስሕተቱ ዳኝነትን ሁለት ሥራ አድርጎ አለማየቱ ነው። አንዱ የተፈጸመውን ማወቅ ነው፤ ሌላው ለተፈጸመው ነገር የሚገባውን መወሰን። ሁለተኛው የዳኛው ብቻ ነው፤ ጥፋተኛ ራሱ ቅጣቱን ይመጥን የሚል የለም። የመጀመሪያው ግን የዳኛው ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ ነው ምስክር የሚጠራው። ሆንሪ በዚያች ሰከንድ በሜዳው ላይ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነበር። ፍርድ እንዲሰጥ ማንም አልለመነውም፤ ያየውን ግን ይዞ ቀረ። ከጨዋታው በኋላ ማመኑ ደግሞ ለምን «በፊት» በሚለው ላይ እንደምጸና ያስረዳል። ዳኛው ከወሰነ በኋላ የተነገረ እውነት ለአየርላንድ ምንም አልመለሰላትም። ማለፏንም አላስገኘላትም፤ የፈረንሳይንም ቲኬት አልቀደደም። ከፍርድ በኋላ የሚመጣ ኑዛዜ ለተናጋሪው ኅሊና ያገለግል ይሆናል፤ ለተበደለው ለመድረስ ግን መጀመሪያ ፍርዱን ማፍረስ አለበት፣ ፍርድ ማፍረስ ደግሞ ሌላ ሙግት ነው። ጀርመናዊው ሚሮስላቭ ክሎዘ እ.ኤ.አ. በ2012 ለላትሲዮ ሲጫወት ናፖሊ ላይ በእጁ ያስቆጠረውን ጎል ለዳኛው ተናግሮ ያሰረዘው እዚያው ሜዳ ላይ፣ ጨዋታው ሳይቀጥል ነው። ላትሲዮ ያን ጨዋታ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ዋጋ ከፍሎበታል፤ እውነቱ ግን ለባለቤቱ በሰዓቱ ደርሷል።

የክሪኬት ሰዎች ሌላ መከራከሪያ አላቸው፤ ከፍርድ ቤት ደጃፍም አይጠፋም። ዳኛ ይሳሳታል፤ ዛሬ በስሕተት ይጎዳኛል፣ ነገ በስሕተት ይጠቅመኛል፤ ውሎ አድሮ ይካካሳል፤ ስለዚህ የተሰጠኝን ልውሰድ። መካካስ የሚባለው ነገር የሚሠራው ሁለቱም ስሕተቶች በአንድ ሒሳብ ላይ ሲጻፉ ነው። ባለፈው ዓመት ሽማግሌ በስሕተት ያስከፈለኝ ካሳ የተጻፈው በእኔና በዚያን ጊዜው ባለጋራዬ መካከል ነው። ዛሬ ማሽላው የተበላበት ሰው በዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም፤ የእኔን የድሮ ኪሳራ እሱ የሚከፍልበት ምክንያት አይገኝም። በዚያ ላይ ሁለቱ ነገሮች በዓይነታቸው ይለያሉ። ትናንት የተበደልኩት ባለማወቅ ነው፤ ዛሬ የምበድለው እያወቅሁ ነው።

ከሁሉ በላይ ክብደት ያለው ተቃውሞ ግን ከሕገ መንግሥታችን ይመጣል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጹ የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ በማስገደድ የተገኘ ቃልም ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። 20ኛው አንቀጽ ደግሞ ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ ይጠብቀዋል። የሕግ አዋቂ ጓደኛ ቢኖረኝ «አንተ ዕዳ የምትለውን ሕጉ መብት ይለዋል» ብሎ እንደሚሞግተኝ አውቃለሁ። ይህን መብት ማቃለል በአገራችን ታሪክ ላይ ዓይን መጨፈን ነው፤ ስንቱ ሰው ያላደረገውን እየተገረፈ አመንኩ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። መብቱ የቆመው ለዚህ ነው፤ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ወኅኒ ቤት ያለው መንግሥት አንድን ብቸኛ ሰው እንዳይጨፈልቀው። እዚያ ተከሳሹ ደካማው ወገን ነው። በጎብዬ ማሳ ዳር ግን ደካማው ማነው? ባለማሳው መርማሪ የለውም፤ ያለው የደረቀ ኮቴና የተሰበረ አገዳ ነው። እውነቱን በእጁ የያዘው ዝም ያለው ሰው ነው፤ ኃይሉም ያለው እሱ ጋ ነው። ስለዚህ የመናገር ዕዳ የሚከብደውና የሚቀለው እውነቱን በሚፈልገው ሰው አቅም ልክ ነው እላለሁ፤ ፈላጊው ብርቱ በሆነ ቁጥር ዝምታ መከላከያ ይሆናል፣ ፈላጊው ደካማ በሆነ ቁጥር ዝምታ ጉልበት ይሆናል። መብት ደግሞ ማንም እንዳያስገድደኝ የቆመ አጥር ነው፤ ሳልገደድ ምን ባደርግ ትክክል እንደሚሆን ግን አይነግረኝም።

ሕጋችን ራሱም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ82ኛው አንቀጹ ጥፋቱን ያመነን፣ እጁን ለባለሥልጣን የሰጠን፣ የጎዳውን የረዳን ወይም የካሰን ሰው ቅጣት እንዲቀልለት ያዛል። ሳይገደድ ለመጣ ሰው ቦታ ትቶለታል ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ሳላሰልስ የምደነቅበትን ነገር ይዟል። ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ቢልም ፍርድ ቤቱ ከፈለገ ማስረጃ ይሰማል፤ ከፈረደ በኋላም ቃሉ ትክክል እንዳልነበረ ከታየው ጥፋተኛ አይደለሁም እንዳለ ቆጥሮ ሊያስተካክለው ይችላል። የክሪኬቱ 31ኛ ሕግም ሳይወጣ የወጣ መስሎት የሚሄደውን መቺ ዳኛው መልሶ እንዲጠራው ያዛል። ሁለቱ ሕጎች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ደርሰዋል። ቀድሞ የተናገረ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ላሟ የእሱ መስላው የሌላ ሆና ልትገኝ ትችላለች። እንግዲህ ዳኛው ሥራ ፈት አይሆንም፤ ቀድሞ የሚናገር ሰው ቃሉን ለዳኛው ያስረክባል እንጂ ዙፋኑን አይነጥቀውም።

«በጎብዬስ ይሁን» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እዚያ ሰው ከሰው ጋር ዕድሜ ልኩን ይኖራል፤ ዛሬ ካሳ የከፈለው ነገ በደቦ ይታገዝበታል፣ በቀብር ማኅበሩ፣ በቅሬው ይቀበርበታል፤ ታማኝነቱ ይመለስለታል። ማንም ማንን በማያውቅበት ከተማና ስታዲየም ግን ብቻውን እውነት የሚናገር ሰው ሞኝ ይባላል፤ ያሸነፈበት ተጋጣሚ በሚቀጥለው ሳምንት አያመሰግነውም። እውነት አለው፤ በቅሬ የተሳሰረ ሰው ቀድሞ መናገር ይቀለዋል። ነገር ግን የሚቀለው መክፈሉ ነው፤ ዕዳው ግን ያው ነው። ማሽላው የተበላበት ሰው ነገ ከአካባቢው የሚለቅ መንገደኛ ቢሆንስ? ከደሴ ወደ መቐለ የሚያልፍ ነጋዴ ሆኖ አህያው የጫነችው እህል ቢሆንስ የተበላው? ተመልሶ የማይከፍለኝ ሰው ስለሆነ የእሱ ኪሳራ ኪሳራ አይሆንም ማለት አይቻልም። ይልቁንም ስም ለማትረፍ ሲል ጥቃቅኑን እያመነ ዋናውን የሚደብቅ ሰው ከዝምተኛው የከፋ ነው፤ በክሪኬትም ነጥቡ በማያስፈልግበት ቀን ሜዳውን እየለቀቀ፣ ዋንጫ ባለበት ቀን ባገኘው እምነት ዳኛውን የሚያታልል መቺ ይታማል። ካሜራም ቢሆን ጥያቄውን አልፈታውም። እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ጀምሮ በምስል የታገዘ ዳኝነት ሆንሪን የመሰለ ተጫዋች እንዳይደበቅ ያደርጋል፤ ጥሩ ነው። ሰው ግን የሚኖረው ባብዛኛው ካሜራ በሌለበት ነው። በራያ ቆላ ሌሊት ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ የጎረቤቱን ቦይ ቆርጦ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ የመለሰ ገበሬ፣ ጠዋት ውሃውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ሲጠይቅ «ጎርፉ ደርምሶት ነው» ቢል ማን ያስተባብለዋል? የተቆረጠውን አፈር ጎርፉ ራሱ ይዞት ሄዷል።

እስካሁን ስለ ማሽላና ስለ ኳስ ስናገር የቆየሁት ነገሩ በጥቂቱ ሲታይ ስለሚጠራ ነው። በራያ ቆቦ ግን ይህ ሥርዓት ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በደም ጉዳይ ነው። ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቁት የዘወልድ ሽማግሌዎች ሥራቸው የሚያዘው አጥፊው ወገን አድራጊነቱን ሲቀበል ነው። በብዙ የአማራ አካባቢም ገዳይ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ ፊት ይንበረከካል። ይህን የሚያደርግ ሰው ማስረጃ አጥቶ የቆመ ፍርድ ቤት ሲለቀው ዞር ብሎ የሄደ ሰው አይደለም። እሱ ራሱ መጥቷል፤ የመጣውም ፊታቸውን ማየት ወደሚከብደው ሰዎች ነው። ካሳው ወንድምን አይመልስም። ነገር ግን የሟች ወገን ከዚያ ቀን በኋላ በየገበያው የሚያየውን ሰው ሁሉ «ይሄ ይሆን?» ብሎ ከመጠርጠር ያርፋል፤ ንጹሑም የገዳይ ዘመድ ነህ ተብሎ ከመሸሽ ያርፋል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነበረው ጦርነት በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ ላይ ደጋግሞ አልፏል። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ለወራት ጋብ ብሎ የነበረው ውጊያ ዳግም የተቀሰቀሰው በዚሁ በራያ ቆቦ ዙሪያ ነው። ማን ምን እንዳደረገ የሚያውቁ ሰዎች በየወገኑ አሉ፤ በዚህም በዚያም በኩል። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ ካሳን፣ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ምሕረትንና ባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችን አንድ ላይ ይዟል። ደቡብ አፍሪካውያን ከአፓርታይድ በኋላ ባቋቋሙት ኮሚሽን ምሕረት የሚያገኘው የሠራውን በሙሉ የተናገረ ሰው ነበር፤ ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች አመለከቱ፣ ያገኙት ከእነሱ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ቁጥሩን የማነሣው ቀድሞ መናገር የነፃ መውጫ ቲኬት አለመሆኑን ስለሚያሳይ ነው፤ የተናገረ ሁሉ አልተማረም፣ ግማሹን ደብቆ የተናገረም ተመልሷል። በእኛ አገር ይህ ሥራ ቢጀመር የሚያውቁት ቀድመው ካልተናገሩ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ማሰብ ይቻላል። ያኔ እውነቱን የማቅረብ ሸክም የሚወድቀው በተጎዱት ላይ ነው። ልጇ ደጃፏ ላይ የተገደለባት እናት ከጎብዬ ተሳፍራ ችሎት ትቆማለች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የልብሱን ቀለም ትጠየቃለች፤ ተሳስተሽ ይሆናል ትባላለች፤ መልሳ ትናገራለች። የተደፈረች ሴት ደግሞ በማታውቃቸው ሰዎች ፊት ያንኑ ሁሉ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አንድ ሰው፣ የትኛውንም ዓይነት መለዮ ለብሶ የነበረ ሰው፣ ምስክር ከመጠራቱ በፊት «እዚያ ነበርኩ፣ ያደረግሁትም ይህ ነው» ቢል፣ እነዚህ ሴቶች መጥራት የሚኖርባቸው የሟችን ስም ብቻ ነው።